ጥዱን የሚያደርቀው ማን ነው?

በየግቢያችን ያለው የፈረንጅ ጥድ አጥር መጠውለግ ሲጀምር፣ ብዙዎቻችን «ውሃ ጠምቶት ነው» ብለን ባልዲ እናነሣለን። ነገር ግን፣ ውድ አንባብያን፣ አስቀድማችሁ ቅርንጫፉን ገልጣችሁ ውስጡን ተመልከቱ። ቀንበጡ እጅ ላይ የሚጣበቅ፣ ጉንዳን የሚመላለስበትና ጥላሸት የለበሰ እንደ ሆነ ጠላቱ ክሽክሽ ነው። ለማረጋገጥ ከሥሩ ነጭ ወረቀት ዘርግታችሁ ቅርንጫፉን አራግፉ፤ ጥቃቅን ቡናማ ነፍሳት ይረግፋሉ።

ይህ ተባይ በ1986 እ.ኤ.አ. በማላዊ፣ በ1990 በኬንያ ታየ፤ ኋላም ወደ አገራችን ገባ። የዛፉን ፈሳሽ ከመምጠጡም በላይ ምራቁ ቀንበጡን ይገድላል። ጥላሸት የሚመስለውም ተባዩ በሚያወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ ላይ የበቀለ ሻጋታ ነው።

ለአጥር የሚሆነው መድኃኒት ቀላል ነው፤ ይኸውም በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ውስጡ እስኪርስ መርጨት፣ በሳምንቱም መድገም ነው። ነጠብጣብ ያላትን ቀይ ጥንዚዛ ግን አትግደሉ፤ ክሽክሽ የምትበላልን እርሷ ናትና።

ከሁሉ በላይ አትዘግዩ! ቅጠሉ ፈጽሞ የረገፈ የጥድ ቅርንጫፍ፣ እንደ ተቆረጠ ባሕር ዛፍ ዳግመኛ አያቆጠቁጥም።