ቀደም ሲል ቲቢ ታክመው ለዳኑ የኢሚግሬሽን አመልካቾች የሚደረግ የጤና ምርመራ

በኢሚግራንት ቪዛ ወደ አሜሪካ ለመሄድ የሚያመለክት ሰው አስቀድሞ የጤና ምርመራ የማድረግ ግዴታ አለበት። ምርመራውን የሚያካሂዱት ኤምባሲው የሰየማቸው ሐኪሞች ሲሆኑ፣ የሚመሩበትን ቴክኒካዊ መመሪያ የሚያወጣው የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠርና መከላከል ማዕከል (ሲዲሲ) ነው። ቀደም ሲል በሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ታመው የዳኑ አመልካቾች ግን ወደ ተሰየመው ሐኪም ከመቅረባቸው በፊት ብዙውን ጊዜ የሚያማክሩት የሚያውቁትን የጤና ባለሙያ ነው። ስለሆነም ባለሙያው አሠራሩን ማወቁ ተገቢ ነው።

የምርመራው ውጤት በሁለት ምድቦች ይከፈላል። «ምድብ ኤ» ቪዛ የሚያስከለክል የጤና ሁኔታ ነው። በዚህ ሥር የሚወድቁት ያልታከመ ተላላፊ ቲቢ፣ ቂጥኝ፣ ጨብጥና የሥጋ ደዌ፣ ለአደጋ ከሚዳርግ ጠባይ ጋር የተያያዘ የአካል ወይም የአእምሮ ሕመም፣ የአደንዛዥ ዕፅ ሱስ እንዲሁም የተደነገጉትን ክትባቶች አለመውሰድ ናቸው። ኤች አይ ቪ ከጃንዋሪ 4 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዝርዝሩ ወጥቷል። «ምድብ ቢ» ደግሞ ክትትል የሚያሻውን ሕመም የሚያመለክት ሲሆን፣ በራሱ ቪዛ አያስከለክልም። ታክሞ የዳነ ቲቢም ሆነ ካንሰር ወይም የልብ ሕመም «ምድብ ኤ» አይደለም። ይሁን እንጂ አመልካቹ የመንግሥት ጥገኛ ይሆን እንደሆነ ሲመዘን፣ ጤንነቱ በቆንስላው ከሚታዩት ነገሮች አንዱ መሆኑ በሕግ ተደንግጓል።

ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ አመልካቾች ሁሉ የደረት ራጅ ይነሣሉ። ራጁ ቲቢን የሚያጠራጥር ምልክት ካሳየ፣ የሕመም ምልክት ካለ ወይም አመልካቹ ኤች አይ ቪ በደሙ የሚገኝ ከሆነ፣ ሦስት የአክታ ናሙናዎች በተለያዩ ቀናት ይወሰዳሉ። ናሙናዎቹ በማይክሮስኮፕ ከታዩ በኋላ በካልቸር ይመረመራሉ። በካልቸር ጀርም ከተገኘ የመድኃኒት መላመድ ምርመራ ይከተላል፤ ሕክምናውም በጤና ባለሙያ ቀጥተኛ ክትትል ይሰጣል።

ከብዙ ዓመታት በፊት የዳነ ሰው ለምን እንደገና አክታ ይሰጣል? ጠባሳ ከራጁ ላይ በመድኃኒት አይጠፋም፤ ጠባሳውን ከነቃ በሽታ በአንድ ራጅ ብቻ መለየትም አስተማማኝ አይደለም። ማይክሮስኮፕም ጀርሙ ጥቂት ሲሆን ያመልጠዋል። ካልቸርን ግዴታ ያደረገው መመሪያ በ2007 እ.ኤ.አ. ከወጣ በኋላ እስከ 2012 በተደረገ ጥናት፣ በአዲሱ አሠራር ከተገኙት 4,032 የቲቢ ሕሙማን መካከል 2,195ቱ በማይክሮስኮፕ ነጻ ተብለው በካልቸር ጀርም የተገኘባቸው ነበሩ።

ለአመልካቹ ከባድ የሚሆነው ጊዜው ነው። ጀርም አልተገኘም ለማለት የካልቸር ውጤት እስከ ስምንት ሳምንት ይጠበቃል፤ ሕክምና ካስፈለገ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር ያህል ይጨመራል። በዲቪ ሕግ መሠረት ቪዛው ሊሰጥ የሚችለው እስከ በጀት ዓመቱ ማብቂያ፣ ሴፕቴምበር 30 ድረስ ብቻ ነው። ምርመራውን ያዘገየ አመልካች ጤናማ ሆኖ ሳለ ውጤቱን ሲጠብቅ ዕድሉ ሊያልፈው ይችላል። የቪዛ አሰጣጥ ፖሊሲ በየጊዜው ሊለወጥ ወይም ሊታገድ ስለሚችልም፣ አመልካቹ ንብረቱን ከመሸጡና ሥራውን ከመልቀቁ በፊት ቪዛው በእጁ መግባቱን ቢያረጋግጥ ይመረጣል።

የጤና ባለሙያዎች በቅን ልቦና የሚፈጽሟቸው አንዳንድ ስሕተቶች አመልካቹን ይጎዳሉ። የመጀመሪያው «ራጁን ለማጽዳት» በሚል የቲቢ መድኃኒት በግምት ማስጀመር ነው። ይህ ጠባሳውን አይለውጠውም፤ የካልቸር ውጤትን ግን ያዛባል፤ ለመድኃኒት መላመድም በር ይከፍታል። ሁለተኛው ለሚያስል አመልካች እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ሌቮፍሎክሳሲን ያሉ መድኃኒቶችን ያለ አክታ ምርመራ ማዘዝ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች የቲቢን ጀርም ለጊዜው ስለሚያዳክሙ በሽታው ሳይታወቅ እንዲቆይ ያደርጋሉ። ሦስተኛው «ታምሜ አላውቅም በል» ብሎ መምከር ነው። ጠባሳው በራጁ ይታያል፤ ሆን ብሎ ሐሰት መናገርም ራሱን የቻለ የቪዛ መከልከያ ምክንያት ነው። ሕመሙ ሊታለፍ ሲችል ውሸቱ ዕድሜ ልክ ሊከተል ይችላል።

ከዚህ ይልቅ ባለሙያው ቢያደርጋቸው የሚጠቅሙ ነገሮች አሉ። ሕክምናው የተጀመረበትንና ያለቀበትን ቀን፣ የተሰጡትን መድኃኒቶች፣ የአክታ ምርመራ ውጤቶችንና የሕክምናውን ፍጻሜ የሚገልጽ ማስረጃ ከመዝገቡ አውጥቶ፣ ፈርሞና ማኅተም አድርጎ መስጠት ይገባል። የቆየ ራጅ ካለ አመልካቹ ይዞ እንዲቀርብ መምከርም ጠቃሚ ነው፤ ጠባሳው ለዓመታት አለመለወጡን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስረዳው ንጽጽር ነውና። ማስረጃው የአክታውን ምርመራ አያስቀርም፤ ነገር ግን ሐኪሙ ውጤቱን በትክክል እንዲተረጉም ይረዳዋል።

በምርመራው ቲቢ የተገኘበት አመልካች ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ታካሚ ነው። ቤተሰቡና አብረውት የሚኖሩ ሰዎች እንዲመረመሩ ማድረግ፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንዲፈጽም ማበረታታትና ምስጢሩን መጠበቅ የባለሙያው ኃላፊነት ነው። በቅጡ የተያዘ የሕክምና መዝገብም ታካሚው ከዳነ ከዓመታት በኋላ እንኳ ሊጠቅመው ይችላል።