የአሮጌው ቴሌቪዥን መስታወት

እርሳስ ስንል ልጅዎ የሚጽፍበትን ማለታችን አይደለም። የመጻፊያው እርሳስ ውስጡ ግራፋይት ነው። የምንናገረው የጥይት ዐረር ስለሚሠራበት ከባድ ብረት ነው። ይህ ብረት በአንዳንድ የቤት መስታወቶች ውስጥም እንዳለ ያውቃሉ?

በቅድሚያ የማያሰጋውን እንለይ። ሻይ የምንጠጣበት ተራ ብርጭቆና የለስላሳ ጠርሙስ የሚሠሩት ከአሸዋ፣ ከሶዳና ከኖራ ድንጋይ ነው። ከበድ ብሎ የሚያብረቀርቀው ክሪስታል ግን ይለያል። በአውሮፓ ደንብ «የእርሳስ ክሪስታል» ለመባል ከመቶ ቢያንስ 24 እጁ የእርሳስ ኦክሳይድ መሆን አለበት። ወይን፣ የሎሚ ጭማቂ ወይም ኮምጣጤ ሲያድርበት እርሳሱ ቀስ በቀስ ወደ መጠጡ ይገባል። ስለዚህ ለጌታ እራት የተዘጋጀውን የወይን ጭማቂ በእንዲህ ያለ ዕቃ አያሳድሩ።

ትልቁ ጉዳይ ግን ጀርባው ትልቅ የሆነው አሮጌው ቴሌቪዥን ነው። በውስጡ የሚፈጠረው ኤክስሬይ ወጥቶ ሰው እንዳይጎዳ፣ ፋብሪካዎች ከኋላ ባለው መስታወት ላይ ብዙ እርሳስ ይጨምሩ ነበር። በአንድ ትልቅ ቴሌቪዥን ውስጥ ከአንድ ኪሎ በላይ ሊገኝ ይችላል። መስታወቱ እስካልተሰበረ ድረስ እርሳሱ ታስሮ ስለሚቀመጥ ማንንም አይጎዳም። ጉዳቱ የሚጀምረው ሲሰበርና ሲደቅ ነው።

ከጎንደር ወደ ሑመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ሳንጃን ያስቡ። አንድ ቤተሰብ የተበላሸ ቴሌቪዥን ጓሮ ቢጥል፣ የመዳብ ሽቦውን የፈለገ ሰው ወይም የሚጫወቱ ልጆች ሊሰብሩት ይችላሉ። በበጋ ነፋሱ ብናኙን ያነሣል፤ በክረምት ጎርፉ ወደ ሳንጃ ወንዝ ሊወስደው ይችላል። እርሳስ አይበሰብስም፤ ቢያቃጥሉትም አይጠፋም። አፈር ውስጥ ለብዙ ዘመን ይቆያል።

ከሁሉ በላይ የሚጎዱት ሕፃናት ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ጉዳት የሌለው የእርሳስ መጠን አይታወቅም፤ የሕፃናት ሰውነትም ከአዋቂ ይልቅ አራትና አምስት እጥፍ ሊወስድ ይችላል። ብረትና ካልሲየም የጎደለው ልጅ ደግሞ የበለጠ ይወስዳል። እርሳስ የልጁን አእምሮና ትምህርት የመቀበል ችሎታ ይቀንሳል፤ የደረሰውም ጉዳት ተመልሶ ላይድን ይችላል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አሮጌውን ቴሌቪዥን ሳይሰበር፣ ልጆች በማይደርሱበት ደረቅ ቦታ ያስቀምጡ። ለቆራሌው ከመሸጥዎ በፊት የት እንደሚወስደውና እንደማይሰብረው ይጠይቁ። ከተሰበረ በደረቁ አይጥረጉ፤ በውኃ አርጥበው በጓንት ይሰብስቡና በጠንካራ ዕቃ ይዝጉት። ልጆች ከመብላታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

አገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ኤሌክትሮኒክ ቆሻሻ አያያዝ ደንብ አውጥታለች። ስለ አወጋገዱ የከተማዎን ማዘጋጃ ቤት ይጠይቁ። የቤተ ክርስቲያንዎን ዕቃ ቤትም ይመልከቱ፤ አሮጌ ቴሌቪዥን ወይም የኮምፒውተር ስክሪን ተጥሎ ይሆናል። ልጆቹ ሳያገኙት እርስዎ ያግኙት።