የናታንያ ባለሱቅና የአደባባይ አቋሙ፦ ከ1929 እስከ ዛሬ

ናታንያ በነጋዴ ስም የተጠራች ከተማ ናት። ናታን ስትራውስ በልጅነቱ ከጀርመን ወደ አሜሪካ የሄደ አይሁዳዊ ሲሆን፣ ከወንድሙ ከኢሲዶር ጋር የኒው ዮርኩን ትልቅ መደብር ሜሲስን በባለቤትነት ይዞ ነበር። በ1929 (በዚህ ዳሰሳ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከተማዋን የቆረቆሩት የብኔ ቢንያሚን ማኅበር ሰዎች ከስሙ ጋር ገንዘቡም ይመጣል የሚል ተስፋ ነበራቸው። ሰውየው ግን ብዙውን ሀብቱን አስቀድሞ ለበጎ ሥራ ሰጥቶ ስለነበር ለከተማዋ የተረፋት ስሙ ነው።

ከስትራውስ ታሪክ ሁለት ነገር ልምዘዝ። በ1894 ታማኒ ሆል የተባለው የዴሞክራቶች ድርጅት ለኒው ዮርክ ከንቲባነት ሲያጨው፣ ባለጸጋ ወዳጆቹ እንደሚያገሉት ስለዛቱበት ከውድድሩ ወጣ። ይኸው ሰው ጥሬ ወተት ሕፃናትን ይፈጃል ብሎ ግን ለዓመታት በአደባባይ ተሟግቷል፤ ከ1893 ጀምሮም በሙቀት የታከመ ወተት ለድሆች የሚያድሉ ጣቢያዎችን ከኪሱ ከፍቷል። ወተት ነጋዴዎቹ ቢቀየሙት ከመደብሩ የሚጎድል ነገር አልነበረም። ባለጸጎቹ ግን አብረውት የሚበሉና የሚጠጡ ሰዎች ነበሩ። ነጋዴ አቋሙን ገለጠ ሲባል ምን ተናገረ ከማለት በፊት ማን ፊት ተናገረ ብዬ የምጠይቀው ለዚህ ነው።

የከተማዋ የመጀመሪያ ከንቲባ ኦቬድ ቤን-አሚም ነጋዴ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አንትወርፕና አምስተርዳም በናዚ እጅ ሲወድቁ የአልማዝ መሞረድ ሥራ ናታንያ ላይ ደራ፤ ቤን-አሚ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር። ጥሬው ድንጋይ የሚመጣው ለንደን ከነበረው ማኅበር ነው፤ ማለትም እንጀራው ከእንግሊዝ ፈቃድ ጋር የተሳሰረ ነበር። ሐምሌ 1947 ኢርጉን የተባለው የአይሁድ ስውር ታጣቂ ቡድን ሁለት እንግሊዛውያን ሳጅኖችን ናታንያ ውስጥ አግቶ ሲሰቅላቸው፣ እንግሊዞች በነሐሴ ወር ቤን-አሚን ከቴልአቪቭና ከራማት ጋን ከንቲባዎች ጋር አሰሩት። በዓመቱ ደግሞ ማዓሪቭ የተባለውን ጋዜጣ ካቋቋሙት አንዱ ሆነ። ይህን ጋዜጣ አንባቢ ያስታውሰው፤ ወደ እኛ ታሪክ ሲገባ እናገኘዋለን።

የእኛ ታሪክ የሚነሳው ከጎንደር ነው። የኢትዮጵያ አይሁዳውያን የሆኑት ቤተ እስራኤል በዐፄ ይስሐቅ ዘመን (1414–1429) ርስት ተነፈጉ ተብሎ ይተረካል። ርስት የሌለው ሰው በእጁ ያድራል፤ ማረሻ ቀጥቅጦ፣ ሸክላ ሠርቶ፣ ሸምኖ። ማረሻውን የሚገዛው ገበሬ ግን ያንኑ ባለእጅ ቡዳ ነው እያለ የሚሸሽ ነበር። ወለቃ ተቀምጦ ለጎንደር ገበያ የሚሠራ አንጥረኛ በደንበኛው ፊት ስለ ፍትሕ አያወራም፤ ዋጋ ተነጋግሮ፣ ሸጦ፣ ሳይመሽ ወደ ሰፈሩ ይገባል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለውን ተረት እኛ ቤት ያሳደገው ይህ የገበያ ኑሮ ይመስለኛል። አንዳንድ ወጣቶች የአባቶቻችንን ዝምታ ፍርሃት ብቻ አድርገው ሲያዩት አልስማማም። ገዢም ከሳሽም አንድ ሰው ሲሆን ዝምታ የንግድ ሥራው ክፍል ነው።

በሙሴ ዘመቻ (1984–85) ወደ እስራኤል የመጡት ወገኖች ገና ዓመት ሳይሞላቸው በ1985 መኸር ኢየሩሳሌም ከዋናው ረቢነት ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ለአንድ ወር ያህል ተቀመጡ፤ አይሁድነታችሁ እንዲረጋገጥ ውሃ ውስጥ ጥለቁ መባላቸውን በመቃወም። ያኔ የሚዘጋ ሱቅ የነበረው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ግንቦት 1991 በሰለሞን ዘመቻ 14 ሺህ ያህል ሰው በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ገባ። ጥር 1996 ማዓሪቭ፣ ያው የቤን-አሚ ማዓሪቭ፣ ማጌን ዳቪድ አዶም የተባለው የአገሪቱ የአምቡላንስና የደም ባንክ ድርጅት የኢትዮጵያውያንን ደም እየተቀበለ በስውር እንደሚደፋ አጋለጠ። ከቀናት በኋላ 10 ሺህ ያህል ሰው ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ከፖሊስ ጋር ተጋጨ። በዚያው ዓመት አዲሱ መሰለ ወደ ክኔሴት (ፓርላማው) ገባ። ከእሱ በኋላ የመጡትንም፣ እንደ ፕኒና ታማኖ-ሻታ ያሉትን፣ ብናይ የመጡት ከማኅበራት፣ ከተማሪነትና ከጋዜጠኝነት ነው። ከሱቅ ጠረጴዛ ጀርባ ተነስቶ መሪ የሆነ አላገኘሁም።

በነዚያ ዓመታት መሀል ናታንያ ከትልልቆቹ የኢትዮጵያውያን መኖሪያዎች አንዷ ሆነች፤ ዛሬ ከ10 ሺህ በላይ ወገን አለባት። ገበያው አካባቢ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጥሬ ቡናና የአገር ልብስ የሚሸጡ ሱቆች ተከፈቱ፤ እንጀራ መጋገርም ከቤት ወጥቶ ንግድ ሆነ። ባለሱቅ መሆን ግን አዲስ ጥገኝነት አመጣ። የንግድ ፈቃዱ ከዒርያው (ከማዘጋጃ ቤቱ) ነው፤ አርኖናውም (የንብረት ግብሩ) ለዒርያው ይከፈላል። ምግብ የሚሸጥ ከሆነ የካሽሩት (የአይሁድ የምግብ ሕግ) ወረቀት የሚሰጠው የአካባቢው ረቢነት ነው። በ1985 አባቱ ደጅ ተቀምጦ የተቃወመው ረቢነት ዘንድ ልጁ በየዓመቱ ወረቀት ሊያሳድስ ይሄዳል።

ይህ የካሽሩት ነገር አንድ የናታንያ ኩባንያን በ2018 አገር ፊት አቁሞታል፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጎልድስታርና ማካቢ ቢራን የሚጠምቀው ቴምፖ መቀመጫው ናታንያ ሲሆን፣ ባርካን የተባለው ትልቅ የወይን ጠጅ አምራችም የእሱ ነው። በሰኔ 2018 ካን ቴሌቪዥን ባሰራጨው ዘገባ፣ ባርካን ዔዳ ሐሬዲት የተባለው የጥብቅ ሃይማኖተኞች ማኅበር የሚሰጠውን የካሽሩት ማረጋገጫ ለማግኘት ሲል ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቹን ወይኑን ከሚነኩበት ሥራ ማንሳቱ ታወቀ፤ ምክንያቱ ደግሞ አይሁድነታቸው ይጠረጠራል የሚል ነበር። ኩባንያው መጀመሪያ ላይ ነገሩን እንደ ንግድ ጉዳይ ሊያስረዳ ሞከረ፤ ዔዳ ሐሬዲትን የሚከተለው ገዢ ያንን ማኅተም ካላየ ጠርሙሱን አያነሳማ። ቁጣው ግን በቀናት ውስጥ አገር አዳረሰ፤ በወቅቱ የሴፋርዲዎች ዋና ረቢ የነበሩት ይስሐቅ ዮሴፍ ሳይቀሩ አወገዙት። ኩባንያውም ወደኋላ ለመመለስ ተገደደ።

ባርካን የፖለቲካ መግለጫ አላወጣም፤ ምንም ባይናገርም ግን አቋም ወስዶ ነበር። ማንን ደንበኛ ብሎ እንደሚቆጥርና ማንን እንደማይቆጥር በሥራ ድልድሉ አሳየ። ያላሰበው ነገር ቢኖር ሌላው ገዢም መቁጠር እንደሚችል ነው። ወገኖቻችን ጥቂት ነን፤ በመላ አገሪቱ ከ170 ሺህ ብዙም አንርቅም፤ የኛ መቅረት ብቻውን ባርካንን ባልነቀነቀው። የነቀነቀው ኢትዮጵያዊ ያልሆነው ገዢ መቆጣቱ ነው።

ከባርካን በፊትም በኋላም የነበረው የአደባባይ ቁጣ የወጣቶች ነበር። ጥር 2012 በኪርያት ማላኺ ለኢትዮጵያውያን ቤት ላለመሸጥና ላለማከራየት የተስማሙ ነዋሪዎች ሲጋለጡ፣ ሚያዝያ 2015 የደንብ ልብስ የለበሰው ወታደር ደማስ ፈቃደ ሆሎን ላይ በፖሊስ ሲደበደብ፣ ጥር 2019 ይሁዳ ቢያድጋ ባት ያም ውስጥ፣ ሰኔ 30 ቀን 2019 ደግሞ የ18 ዓመቱ ሰለሞን ተካ ኪርያት ሐይም ውስጥ በፖሊስ ጥይት ሲሞቱ መንገድ የዘጋው ወታደሩ፣ ተማሪውና ገና ሥራ የያዘው ልጅ ነው። ባለሱቁ ድጋፉን የሚሰጠው በጓሮ በር ነበር፤ ውሃ በማቀበል፣ ለጠበቃ በማዋጣት፣ ልጁን ሂድ ብሎ በመላክ። በ2019 ግን ነገሩ ተለወጠ። በፖሊስ ላይ መናገር ከሐበሻ ደንበኛ የሚያጣላ መሆኑ ቀረ፤ እንዲያውም ያልተናገረው ተጠየቀ። ለባለሱቅ ከባዱ ነገር በዚህ አለቀ ብሎ የሚያስብ ካለ የሚቀጥሉትን ዓመታት ይመልከት።

በ2020 ኮሮና ሲመጣ የአገሪቱ ባለሱቆች ራሳቸው ለራሳቸው ወጡ፤ ሐምሌ 11 ቀን ቴልአቪቭ የራቢንን አደባባይ ሞሉት። ሹልማኒም የተባለውን የግል ሠራተኞች እንቅስቃሴ የመራው አቢር ካራ በዓመቱ የክኔሴት አባል ሆነ። በኪሳራ ላይ ግራም ቀኝም ስለሌለ ያ ተቃውሞ ደንበኛ አላስቀየመም።

2023 ግን ሌላ ነው። መንግሥት በጥር ወር የፍርድ ቤቶችን ሥልጣን የሚቀንስ ዕቅድ ሲያወጣ፣ የፓፓያ ግሎባል ሥራ አስኪያጅ ዔይናት ጌዝ የኩባንያውን ገንዘብ ከአገር እንደሚያስወጡ በይፋ ተናገሩ። ደንበኞቻቸው በውጭ አገር ያሉ ኩባንያዎች ናቸው፤ ናታንያ ሹክ (ገበያው) ውስጥ ሽንኩርት የሚመርጥ ሰው ስለ ፓፓያ ምን አገባው? ሐምሌ 24 ትልልቅ ኩባንያዎችን ያቀፈው የንግድ መድረክ ሥራ ሲያቆም ብዙ የገበያ ማዕከሎች ተዘጉ። ውድ ዋጋ የከፈለው ዳቦ ሻጩ ነበር። ግንቦት ወር ላይ የአንጀል ዳቦ ቤት የቦርድ ሊቀ መንበር ኦመር ባር-ሌቭ በኔ ብራክ ውስጥ በሐሬዲዎች (በጥብቅ ሃይማኖተኞቹ) መሪ በረቢ ጌርሾን ኤደልስቴይን ቤት ፊት ለፊት በተካሄደ ሰልፍ ላይ ታዩ። በግላቸው እንደወጡ ቢነገርም ሐሬዲዎቹ የአንጀልን ዳቦ አንገዛም አሉ። ባር-ሌቭ የቀድሞ ሚኒስትር ናቸው፤ መናገር ሙያቸው ነው። የተጎዳው ግን ከ1927 ጀምሮ ኢየሩሳሌምን ዳቦ ያበላ ቤት ነው።

ናታንያ ላይ ይህ ይበልጥ ይሰማል። በአንድ ጎዳና ከፈረንሳይ የመጣው፣ ሩሲያኛ ተናጋሪው፣ ኪርያት ሳንዝ የሚኖረው ሐሲድና ኢትዮጵያዊው ይገበያያሉ። በኪርያት ሳንዝ ያለው ላንያዶ ሆስፒታል ከተቋቋመ ጀምሮ አድማ የማይመታ በመሆኑ ይታወቃል፤ አካባቢው አድማን በምን ዓይን እንደሚያይ ከዚህ ይገመታል። ሕጉም ባለሱቁን ብዙ አይከላከልለትም። በ1988 የወጣው የእኩል ሥራ ዕድል ሕግ ሠራተኛን በአመለካከቱ ከመባረር ይጠብቀዋል፤ በ2000 የወጣው ሕግ ባለሱቅ ገዢን በፖለቲካ አቋሙ እንዳይመልስ ይከለክላል። ገዢው ግን የባለሱቁን አቋም ጠልቶ ማዶ ተሻግሮ ቢገዛ የሚነካው ሕግ የለም፤ ሊኖርም አይገባም።

የሐበሻ ባለሱቅ ግን ሌላ ፈተናም አለበት፤ የአገር ቤት ፖለቲካ። የበደሌ ቢራ ባለቤት ሄኒከን በ2013 መጨረሻ የቴዲ አፍሮን የሙዚቃ ጉዞ ሊደግፍ ሲል የኦሮሞ ወጣቶች ቢራውን አንጠጣም ብለው ዘመቱ፤ ኩባንያው በ2014 መጀመሪያ ስፖንሰርነቱን አቋረጠ። ያው ሄኒከን የናታንያው ቴምፖ ባለድርሻ መሆኑን ሳስብ ዓለም ትጠበኛለች። ነሐሴ 2016 በጎንደርና በባሕር ዳር ሱቆች ለቀናት ሲዘጉ፣ ሐምሌ 2017 የቀን ገቢ ግምት በኦሮሚያ ከተሞች ነጋዴውን ሲያሳድም፣ ባለሱቁ አልከፍትም ብሎ በመዝጋት ተናገረ፤ መንግሥትም ሱቁን በማሸግ መለሰ።

ናታንያ ላለው ሰው ግን መዝጋት አቋም አይሆንለትም። ከ2020ው የትግራይ ጦርነት ወዲህ እንጀራ ሊገዛ የሚመጣው ሰው ጎንደሬ ይሁን ትግሬ፣ መንግሥትን ይደግፍ ወይም ይቃወም ሳይታወቅ ቃል መወርወር አደገኛ ሆኗል። ነሐሴ 2023 አማራ ክልል ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ እስራኤል ከጎንደርና ከባሕር ዳር 200 ያህል ሰዎችን አወጣች፤ የቀረው ዘመድ ግን ብዙ ነው፤ እዚህ የተነገረ እዚያ ይደርሳል። ከወር በኋላ፣ መስከረም 2 ቀን፣ ደቡብ ቴልአቪቭ ላይ የኤርትራ መንግሥት ደጋፊዎችና ተቃዋሚዎች ሲጋጩ ከመቶ በላይ ሰው ቆሰለ፤ የሱቅ መስተዋትም ረገፈ። ስለዚህ በፖሊስ ላይ ድምፁን ከፍ የሚያደርገው ባለሱቅ ስለ አዲስ አበባ መንግሥት ሲጠየቅ ስለ ጤፍ ዋጋ ቢያወራ አይፈረድበትም።

ከጥቅምት 2023ቱ የሐማስ ጥቃት በኋላ በየሱቁ የታጋቾች ቢጫ ሪባን ተሰቀለ። መጀመሪያ የሁሉም ምልክት ነበር፤ በ2024 ግን ታጋቾቹ በስምምነት ይለቀቁ ወይስ ጦርነቱ ይቅደም የሚለው ክርክር ሲጦፍ ሪባኑም ወገን የያዘ መሰለ። መስከረም 2014 ወደ ጋዛ የተሻገረውን የአሽኬሎኑን አበራ መንግሥቱን ግን ወገኖቹ ለአስር ዓመት ብቻቸውን ሲጮኹለት ነበር፤ የካቲት 22 ቀን 2025 ተለቆ ገባ። በነዚያ ዓመታት የአበራን ፎቶ በሱቁ የሰቀለ ሐበሻ ከደንበኞቹ የሚቃወመው አልነበረም፤ ሐበሻ ያልሆነው ገዢ ግን ብዙውን ጊዜ ማን እንደሆነ አይጠይቅም ነበር። በሕጉ መሠረት ቀጣዩ የክኔሴት ምርጫ ከጥቅምት 2026 አያልፍም። የትኛው ባለሱቅ የትኛውን ፓርቲ ወረቀት በመስኮቱ እንደሚለጥፍ ያኔ ይታያል፤ የእኔ ግምት የጤፍና የበርበሬ ሱቆች መስኮት ባዶ ይሆናል የሚል ነው።