ሳል ሁሉ ብርድ አይደለም

በግ ሲያስል በገጠር ቤት የመጀመሪያው ፍርድ አንድ ነው፤ «ብርድ መትቶት ነው» ይባላል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውም ይታወቃል። በገበያ ቀን አንድ ብልቃጥ መድኃኒት ይገዛል፣ በጉ ይወጋል፣ ይጠበቃል። አንዳንዴ ይሻለዋል። አንዳንዴ ደግሞ ሳሉ አልለቅ ይልና በጉ ከቀን ወደ ቀን እየመነመነ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ወይ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል፣ ወይ ሞት ሳይቀድመው ቢላ ያገኘዋል። ያኔ የመድኃኒቱም የበጉም ዋጋ አብሮ ሄደ ማለት ነው።

ሳል የበሽታ ምልክት እንጂ ራሱ በሽታ አይደለም። ከኋላው ትል ሊኖር ይችላል፣ ባክቴሪያም ሊኖር ይችላል። ለአንዱ የሚሠራው መድኃኒት ለሌላው ውኃ ነው። በግና ፍየል ለማዳበሪያ ዕዳም፣ ለልጅ ደብተርም፣ ለክፉ ቀንም የሚሸጡ የቤት ባንክ ስለሆኑ፣ በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት መግዛት የቤቱን ቁጠባ በጨለማ እንደመበተን ነው።

ሰሜን ወሎ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ወልድያ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ዙሪያዋን የጉባላፍቶ ተራሮች ከበዋታል። ከወልድያ ተነስቶ በደሴ መንገድ ቁልቁል ለሚወርድ ሰው፣ ስሪንቃን አለፍ ብሎ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳን ያገኛል። መንገዱ አጭር ነው፤ አየሩ ግን ይለወጣል። ከላይ ደጋው ላይ በጉ ይበዛል፣ ወደ ቆላው ሲወረድ ፍየሉ ይበረክታል። ሲያስሉ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ነገርም እንደዚያው ይለያያል።

ከደጋው እንጀምር። እርጥበትና ቅዝቃዜ ባለበት ግጦሽ አንዱ የበግ ጠላት የሳንባ ትል ነው። ዋነኛው ዲክቲዮካውለስ ፊላሪያ ይባላል። ነጭ ክር ይመስላል፤ እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ሊረዝም ይችላል። የሚኖረው በጉ በሚተነፍስበት ቧንቧ ውስጥ ነው። እንቁላሉ ከሳል ጋር ወደ ጉሮሮ ይወጣል፣ ተመልሶ ይዋጣል፣ የተፈለፈለው እጭ ከበጠጡ ጋር ሣር ላይ ይወድቃል። እርጥበትና ምቹ ሙቀት ካገኘ በሳምንት ገደማ ሌላ በግ ለመያዝ ይደርሳል። ሣሩን የጋጠ በግ እጩን አብሮ ይውጠዋል፤ እጩም የአንጀትን ግድግዳ አልፎ በደም በኩል ሳንባ ድረስ ይጓዛል። በቀንድ አውጣ በኩል የሚተላለፉ ሌሎች የሳንባ ትሎችም አሉ። ወሎ በልግም ክረምትም የሚዘንብበት አገር ስለሆነ፣ ለትሉ የሚመች እርጥብ ሣር በዓመት ሁለት ጊዜ ይገኛል።

ይህንን ትል የአንቲባዮቲክ መርፌ አይገድለውም። የሚያጠፉት እንደ አልቤንዳዞልና አይቨርሜክቲን ያሉ የትል መድኃኒቶች ናቸው። እነሱም ቢሆኑ በእንስሳው ክብደት ልክ ይሰጣሉ። ክኒኑን ቆርሶ ለሁለት በግ ማካፈል ቁጠባ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን መድኃኒቱን የለመደ ትል ማርባት ነው። አልቤንዳዞል ደግሞ በእርግዝና መጀመሪያ ላይ ላለች በግ አይሰጥም፤ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል።

የሳንባ ትል መኖሩን ለማወቅ ውድ ማሽን አያስፈልግም። ትኩስ በጠጥ ከበጉ ይወሰድና በፋሻ ተጠቅልሎ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ይንጠለጠላል። ሲያድር በሕይወት ያለው እጭ ከበጠጡ ወጥቶ ወደ ታች ይዘቅጣል። ከሥር የተጠራቀመው ውኃ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነገሩ ይለይለታል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ገበሬው ጎሮርሳ፣ ሐኪሙ ፓስቱሬሎሲስ የሚሉት ነው። የዚህ በሽታ ጠባይ ይገርማል። ባክቴሪያዎቹ ጤነኛ በሆነ እንስሳ አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ምንም ሳያደርጉ መኖር ይችላሉ። እንስሳው ሲራብ፣ ዝናብ ሲመታው፣ ረጅም መንገድ ሲነዳ ወይም በአይሱዙ ላይ ተጨናንቆ ሲጫን መከላከያው ይደክማል፤ ያን ጊዜ ወደ ሳንባ ይወርዳሉ። ስለዚህ «ብርድ መታው» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለው። ብርዱ በር ይከፍታል፤ ገብቶ የሚገድለው ግን ባክቴሪያው ነው።

ሁለቱን በመጠኑም ቢሆን ከጠባያቸው መለየት ይቻላል። የሳንባ ትል ቀስ ብሎ ያከሳል፤ በጉ እየበላ ይመነምናል፣ ሲነዳ ሳሉ ይብሳል። ጎሮርሳ ግን ድንገተኛ ነው። ትኩሳቱ ይነዳል፣ እንስሳው መብላት ያቆማል፣ ከአፍንጫው ፈሳሽ ይወርዳል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥም ሊሞት ይችላል። እዚህ ላይ አንቲባዮቲክ በጊዜው ከደረሰ ያድናል። ሁለቱ በሽታዎች በአንድ በግ ላይ አብረው ሊገኙ እንደሚችሉም መዘንጋት የለበትም፤ ትል ያቆሰለው ሳንባ ለባክቴሪያ የተመቸ ነው።

ወደ ሀብሩ ቆላ ስንወርድ የፍየል ሳንባ በሽታ ይመጣል። መንስኤው ማይኮፕላዝማ የሚባል ጥቃቅን ባክቴሪያ ሲሆን በዋናነት ፍየልን ያጠቃል። ከፍየል ወደ ፍየል የሚሻገረው በትንፋሽ ነው። ከገበያ የተገዛች አንዲት ፍየል በዚያው ምሽት ከመንጋው ጋር አብራ ካደረች በቂ ነው። የታመመችው አንገቷን ዘርግታ፣ የፊት እግሮቿን ከፈት አድርጋ ትቆማለች፤ ስትተነፍስ ታቃስታለች። ብዙ ጊዜ ከሁለቱ ሳንባዎች አንደኛው ብቻ ነው ክፉኛ የሚጎዳው።

ፔኒሲሊን ለዚህ በሽታ አይሠራም። ፔኒሲሊን ባክቴሪያን የሚገድለው ውጫዊ ግድግዳውን እንዳይገነባ በማድረግ ነው፤ ማይኮፕላዝማ ደግሞ ከተፈጥሮው ግድግዳ የለውም። ስለዚህ «መርፌ ወግቻታለሁ» ማለት ብቻውን «አሳክሜያታለሁ» ማለት አይደለም። የትኛው መርፌ፣ በምን ያህል መጠን፣ ለስንት ቀን የሚለው ነው ልዩነት የሚያመጣው። ሸራ ዘርግቶ መድኃኒት የሚሸጥ ነጋዴ ይህንን አይነግርዎትም።

ጉዳዩ ሰውንም ይነካል። ትናንት የተወጋ በግ «ከሚሞት» ተብሎ ዛሬ ሲታረድ፣ መድኃኒቱ ከሥጋው ገና አልወጣም። እያንዳንዱ መድኃኒት እስኪወጣ የሚጠበቅለት የቀን ብዛት አለው፤ ይህን የሚያውቀው የእንስሳት ሐኪሙ ነው።

ሦስተኛው በሽታ ጭራሽ ሳል ላያሰማ ይችላል። በግ ወይም በሬ ታርዶ ሳንባው ወይም ጉበቱ ሲታይ፣ ውኃ የቋጠረ ነጣ ያለ ከረጢት ይገኝበታል። በሕክምናው ሃይዳቲድ ይባላል። በሀገራችን ቄራዎች ሳንባና ጉበት ተለይተው ከሚጣሉባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። ባለቤቱ የሆነው ትል የሚኖረው ውሻ አንጀት ውስጥ ነው፤ ርዝመቱ ከ1 ሳንቲ ሜትር በታች ነው። እንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ሣር ላይ ይወድቃል፣ በግና ከብት ይበሉታል፣ ሳንባቸው ውስጥ ከረጢት ያበጃል። ያ ሳንባ ተመልሶ ለውሻ ሲወረወር ዑደቱ ይዘጋል።

ሰው የሚያዘው ሥጋውን በመብላት አይደለም። ከውሻ የወጣው እንቁላል በእጅ፣ በውኃ ወይም ባልታጠበ ምግብ በኩል አፍ ሲገባ ነው የሚያዘው። ከውሻ ጋር የሚጫወቱ ልጆች ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው። ከረጢቱ በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል፤ ሲታወቅ ቀዶ ሕክምና ድረስ ሊያደርስ ይችላል።

ልብም ከዚህ ጣጣ አያመልጥም። የሥጋ መርማሪ በቄራ የበሬን ልብ፣ ምላስና የመንጋጋ ሥጋ በቢላ ከፈት እያደረገ የሚያየው የኮሶ እጭን ፍለጋ ነው። ሜዳ ላይ በተጸዳዳ ሰው ምክንያት ግጦሹ ይበከላል፣ እጩ በከብቱ ልብና ጡንቻ ውስጥ ይቀመጣል፣ ጥሬ ሥጋ የወደደ ሰው ደግሞ ኮሶውን መልሶ ይወስደዋል። መዥገር የሚያስተላልፈው ኤርሊኪያ የተባለ ባክቴሪያም አለ። በልብ ዙሪያ ባለው ከረጢት ውስጥ ውኃ እንዲጠራቀም ያደርጋል፤ እንስሳው በትኩሳት ይነድና እየተንገዳገደ ሊወድቅ ይችላል። በቆላ መዥገርን መቆጣጠር የቆዳ ጉዳይ ብቻ የማይሆነው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከገበያ የገባን እንስሳ ለሁለትና ሦስት ሳምንት ለብቻው ማቆየት ገንዘብ አይጠይቅም። ሳል ሲጀምር በቅድሚያ ወደ ቀበሌው የእንስሳት ጤና ኬላ ወይም ወደ ወረዳው ክሊኒክ መሄድ ይሻላል። በርከት ያሉ እንስሳት ባንዴ ሲታመሙ ደግሞ ናሙና ወደ ኮምቦልቻው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ እንዲላክ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለጎሮርሳና ለፍየል ሳንባ በሽታ ቢሾፍቱ ላይ የሚመረት ክትባት አለ። ክትባቱ ግን ለጤነኛ እንስሳ፣ በሽታው ከመምጣቱ በፊት ነው የሚሰጠው፤ ትሉንም አይነካውም።

በወሎ ለፋሲካም ለአረፋም ብዙው እርድ የሚፈጸመው በየቤቱ ነው፤ ሥጋ መርማሪ የለም። ስለዚህ መርማሪው የቤቱ ባለቤት ይሁን። ሳንባውን ዳብሶ፣ የአየር ቧንቧውን ሰንጠቅ አድርጎ ይመልከት። ነጭ ክር ካለ የቀሩት በጎችም የትል መድኃኒት ሊያስፈልጋቸው ስለሚችል ለሐኪሙ ይንገር። ውኃ የቋጠረ ከረጢት ካለ ሳይቀደድ፣ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጉድጓድ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ውሻውም በሐኪም ምክር በየጊዜው የትል መድኃኒት ይሰጠው። በሩ ላይ ቆሞ ድርሻውን ለሚጠብቀው ውሻ የተቀቀለ አጥንት ይበቃዋል።