ስለ አዕዋፍ ሥዕል ለወላጆች የቀረበ ቃል

ባለፈው ሰሞን በአቃቂ ወንዝ ዳር ታናሹ ልጃችን አንዲት የሞተች ወፍ አገኘና በሁለት እጁ ይዞ ወደ ቤት አመጣት። «አባባ፥ ቀለም ይስጡኝና መልኳን ልሣል» ቢለን፥ እኛ ግን «አስቀድመህ ትምህርትህን አጥና፤ ወፊቱ የትም አትሄድም» ብለን መለስነው። ወደ ማታ ሊሥላት ቢቀመጥ የዐይኗ ብርሃን ጠፍቶ፥ የእግሯም ቀለም ጠቍሮ አገኘውና አለቀሰ። ልቅሶውን እንደ ዋዛ ቈጥረነው ነበር፤ ዳሩ ግን ነገሩን በመረመርነው ጊዜ ስሕተቱ የእኛ እንደ ነበረ ተረዳን።

የወፍ ላባ ከሞተችም በኋላ መልኩን ይዞ ብዙ ዘመን ይቈያል። ለምሳሌ በመናገሻ ደን የምትኖረውን፥ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1835 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ለሊቃውንት የገለጻትን ሶሪትን እንውሰድ። የክንፏ ቅላት መዳብ ካለበት ቀለም የተገኘ ስለ ኾነ በቤተ መዘክር ሣጥን ውስጥ እንኳ ደምቆ ይታያል። በዐይኗ ዙሪያ ያለው ቀይ ቆዳ ግን ከሞተች በኋላ እየደበዘዘ ይሄዳል። ስለዚህ ቆዳዋን አድርቆ ማኖር ብቻውን አይበቃም፤ በሕይወት ሳለች የነበራትን መልክ ለኋላ ሰው የሚያቈይላት ፈጥኖ የሚሠራ ሠዓሊ ነው።

ይህን ሥራ በአገራችን በትጋት ከሠሩት አንዱ አሜሪካዊው ሚስተር ሉዊ አጋሲ ፉዌርቴስ ነበሩ። የሺካጎው ፊልድ ሙዚየም ከሺካጎ ዴይሊ ኒውስ ጋዜጣ ጋር ኾኖ፥ በሚስተር ዊልፍሬድ ኦስጉድ መሪነት የላከው የምርምር ጓድ በ1919 ዓመተ ምሕረት ወደ ኢትዮጵያ በመጣ ጊዜ አብረው መጡ። በድንኳንና በበቅሎ ጕዞ ድካም መካከል፥ የዐይንን፥ የምንቃርንና የእግርን ቀለም ሳይለወጥ እየቀደሙ በመያዝ፥ ከመቶ የሚበልጡ የአዕዋፍና የአራዊት ሥዕሎች በውሃ ቀለም ሠሩ።

ወደ አገራቸውም ከተመለሱ በኋላ፥ ሥዕሎቹን ለወዳጃቸው አሳይተው ወደ ቤታቸው ሲጓዙ፥ ነሐሴ 16 ቀን 1919 ዓመተ ምሕረት በኒውዮርክ ግዛት፥ ኡናዲላ በምትባል ስፍራ፥ መኪናቸው የባቡር ሐዲድ ሲሻገር ባቡር መታውና በ53 ዓመታቸው ሞቱ። በመኪናው ውስጥ የነበሩት ሥዕሎች ግን ሳይጐዱ ተገኙ። ከእነዚህም 32ቱን ሙዚየሙ በ1930 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በአልበም አሳተማቸው። ሰውየው ሥራቸውን ለነገ ብለው አሳድረውት ቢኾን ኖሮ፥ ዛሬ ያ ሥዕል ባልተገኘም ነበር።

ስለዚህ ክቡራን ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ወፍ አይቶ ቀለም ቢጠይቃችሁ እንደ እኛ አታዘግዩት። ወፍ እንዲገድል ሳይኾን በዛፍ ላይ ያለችውን እንዲመለከት፥ በመዠመሪያ የዐይኗን፥ የምንቃሯንና የእግሯን ቀለም እንዲሥል፥ ከሥዕሉም በታች ቀኑንና ስፍራውን እንዲጽፍ አስተምሩት። እኛም ለልጃችን የውሃ ቀለም ገዝተንለታል፤ ጧት ጧትም ከትምህርቱ በፊት ወደ ወንዙ ዳር እንዲወርድ ፈቅደንለታል።