ቼኩ ጎደለ፤ ሱፐርቫይዘሩ ግን የባሌ ወንድም ነው

ቨርጂኒያ የምትኖር አንዲት እህታችን በጽዳት ድርጅት ትሠራለች። ሥራውን ያስገባት እዚያው ሱፐርቫይዘር የሆነው የባሏ ታላቅ ወንድም ነው። እዚህ አገር እንደገባች ቤቱ ያስቀመጣት፣ ልጆቿን ትምህርት ቤት ያስመዘገበላትም እሱ ነው። «ጋሼ» ነው የምትለው።

በሳምንት 52 ሰዓት ትሠራለች። ክፍያዋ በሰዓት 16 ዶላር ነው፤ ከ40 ሰዓት በላይ ላለውም ያው 16 ዶላር። በፌዴራሉ ሕግ ግን እንደ እሷ በሰዓት የሚከፈለው ሠራተኛ ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራው አንድ ተኩል እጥፍ፣ ማለትም 24 ዶላር ይገባዋል። የ12 ሰዓቱ ልዩነት በሳምንት 96 ዶላር፣ በ50 ሳምንት ደግሞ 4,800 ዶላር ይሆናል።

«ታዲያ ለምን አትከሺም?» ስንላት፣ «የሰዓት ወረቀቱ ላይ የሚፈርመው እኮ ጋሼ ነው» አለችን።

ጭንቀቷ እውነት ነው። የሠራተኛን ሰዓትና ክፍያ የሚወስን ኃላፊ በግሉም የሚጠየቅበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ክፍያውን የሚወስነው ማን እንደሆነ ይለዩ። ሰዓት የሚመዘግብ ሰውና ኦቨርታይም አልከፍልም ያለ ባለቤት አንድ አይደሉም።

ሽማግሌ መላክ ጥሩ ባህላችን ነው፤ ሽምግልናው ግን የሕጉን ጊዜ አያስቆምም። በፌዴራሉ ሕግ ወደ ኋላ የሚጠየቀው 2 ዓመት፣ ድርጅቱ ሆን ብሎ ካጠፋ 3 ዓመት ነው። በዘገዩ ቁጥር የድሮው ሳምንት እየወደቀ ይሄዳል። ለሌበር ዲፓርትመንት ማመልከትም ብቻውን ይህን ጊዜ አያስቆምም።

«የቤተሰባችን ጠበቃ ለሁላችንም ይጨርስልን» አይበሉ። ለድርጅቱ ወይም ለዘመድዎ የቆመ ጠበቃ በዚሁ ጉዳይ ለእርስዎ ሊቆም አይችልም። የራስዎን ይያዙ።

ዘመድዎን ከቢሮ ወረቀት አውጣልኝ ብለው አያስቸግሩት፤ እንጀራውን ሊያሳጡት ይችላሉ። የራስዎን የሰዓት ደብተር፣ የቼክ ቁራጭና የስልክ መልእክቶች ያስቀምጡ። እውነቱን ከመሰከረ ግን ድርጅቱ በዚያ ምክንያት ሊያባርረው ሕጉ አይፈቅድም። እርስዎንም እንደዚሁ።

ደግሞም በልጆች ፊት አጎታቸውን አይውቀሱ። ክስ አንድ ቀን ያልቃል፤ አጎት ግን አጎት ነው።

እህታችን ጠበቃ ካማከረች በኋላ አንድ እሁድ ቡና አፍልታ ጠራችው። «ጋሼ፣ ልከስ ነው። ጸቤ ከድርጅቱ ጋር እንጂ ከእርስዎ ጋር አይደለም። ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ብዬ ነው» አለችው። ሁለተኛው ስኒ እስኪቀዳ ዝም አለ። ከዚያ «የኔን ውለታ እዚህ ውስጥ አታስገቢው። ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም» አላት።

ክሱ ገና አላለቀም። ፋሲካን ግን አብረው ነው የፈሰኩት።