የበቀቀን መኖና የምንቃሩ ጤንነት

በመተማና በገላባት መካከል ካለው ድንበር አንሥቶ እስከ ገዳሪፍ ድረስ የተዘረጋው ጥቁር አፈር ያለው ሜዳ የማሽላና የሰሊጥ አገር መሆኑ የታወቀ ነው። በገዳሪፍ ዙሪያ በትራክተር ማረስ የተጀመረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ እርሻው እየሰፋ፣ ደኑም እየሳሳ መጥቷል። ማሽላው ባፈራ ጊዜ ግን ከገበሬው ቀድሞ ከማሳው የሚደርስ አንድ እንግዳ አለ፤ እርሱም አረንጓዴው በቀቀን ነው።

ይህ ወፍ ከራሱ እስከ ጅራቱ ጫፍ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። የላይኛው ምንቃሩ ቀይ ነው፤ ወንዱም ለአካለ መጠን ሲደርስ በአንገቱ ዙሪያ ጥቁርና ሮዝ ቀለበት ያወጣል። ከሰሜን ኢትዮጵያ እስከ ሱዳን ሰናር ድረስ የሚገኘውን ዘር የወፍ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1856 ሲሰይሙት «ፓርቪሮስትሪስ» ብለውታል። ይህ የላቲን ቃል «ትንሽ ምንቃር ያለው» ማለት ነው። በማሳ ላይ በወንጭፍ የሚባረረው ይኸው ወፍ፣ ከሰው ቤት በገባ ጊዜ በሽቦ ቤት ተቀምጦ የቤተ ሰቡ ወዳጅ ይሆናል።

በደንብ የተያዘ በቀቀን ከ20 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። ብዙዎቹ ግን ይህን ዕድሜ ሳያዩ ይሞታሉ፤ የሚሞቱትም ከባለቤታቸው ጭካኔ የተነሣ ሳይሆን ከቸርነቱ የተነሣ ነው። ባለቤቱ አገሩ ያበቀለውን ሰሊጥ፣ ለውዝና ማሽላ ሳይቆጥብ ሳሕኑን ይሞላለታል። ወፉም ቅባት የበዛበትን እየመረጠ ይለቅማል፤ ይወፍራል፤ ባለቤቱም የተስማማው ይመስለዋል። ከጊዜ በኋላ ምንቃሩ ከልክ በላይ ይረዝማል፤ ይላላጣል፤ ይጠማዘዛል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ሞረድ ወይም ምላጭ ያነሣል። ስሕተቱም ከዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ የበሽታው ሥር የሚገኘው ከምንቃሩ ላይ ሳይሆን ከሳሕኑ ውስጥ ነውና።

የበቀቀን ምንቃር ሕይወት የሌለው ነገር አይደለም። ከውስጡ አጥንት አለ፤ አጥንቱን የደም ሥርና ነርቭ ያለበት ሕያው ሥጋ ይሸፍነዋል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንደ ጥፍርና እንደ ቀንድ ያለ ቅርፊት ይገኛል። ይህ ቅርፊት ወፉ በሕይወት እስካለ ድረስ ሳያቋርጥ ያድጋል። ወፉም እንጨት በመፈልፈል፣ ጠንካራ ነገር በመስበርና የላዩን ምንቃር ከታቹ ጋር በማፋጨት ይከረክመዋል። እድገቱና መከርከሙ ሲመጣጠኑ ምንቃሩ መልኩን ጠብቆ ይኖራል። ይሁን እንጂ ቅርፊቱ የሚሠራው ደም ከሚያመጣለት ምግብ ስለ ሆነ፣ ምግቡ በጎደለ ጊዜ ምንቃሩ ይመሰክራል።

በዱር ያለው በቀቀን ፍሬውን፣ አበባውን፣ እምቡጡንና ልዩ ልዩ ዘሩን እያቀያየረ ይበላል፤ ምግቡንም ለማግኘት ሩቅ ይበርራል። በሽቦ ቤት ያለው ግን የቀረበለትን ብቻ ይበላል። ሰሊጥ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው፤ ማሽላ ደግሞ ኃይል የሚሰጥ ቢሆንም ካልሲየሙ ጥቂት ነው፤ ቪታሚን ኤ ከነጭ ማሽላ አይገኝም ለማለት ይቻላል። ቪታሚን ኤ ሲጎድል የአፉና የመተንፈሻው ስስ ቆዳ ይደድራል፤ በአፉ ውስጥ ነጭ ነገር ይታያል፤ የምንቃሩ ቅርፊትም ይበላሻል። ካልሲየም ሲጎድል አጥንቱ ይልማል፤ ሴቲቱም እንቁላል መጣል ያቅታታል። ቅባት ሲበዛ ስቡ በጉበት ላይ ይከማቻል፤ ጉበቱ የታመመ ወፍ ምንቃሩ በፍጥነት ማደጉና በላዩ ጥቁር የደም ነጠብጣብ መታየቱ የተለመደ ምልክት ነው።

ጉበትን የሚጎዳ ሌላም ጠላት አለ፤ እርሱም ሻጋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች ምክንያቱ ባልታወቀ በሽታ አለቁ። ነገሩ ሲመረመር መኖአቸው ውስጥ የገባው ከብራዚል የመጣ የለውዝ ፋጉሎ ሻግቶ መገኘቱ ታወቀ፤ ሻጋታው ያወጣው መርዝም አፍላቶክሲን ተባለ። ስለዚህ በዝናብ የራሰ ወይም ሳይደርቅ በጆንያ የታጨቀ ለውዝና እህል «ለወፍ ይበቃል» ተብሎ ሊሰጥ አይገባም። ለሰው የማይሆን እህል ለወፍም አይሆንም።

እንግዲህ የበቀቀኑ የዕለት ምግብ እንደሚከተለው ቢሆን መልካም ነው።

አንደኛ፣ የተዘጋጀ የበቀቀን መኖ በሚገኝበት ከተማ ከምግቡ ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ እርሱ ይሁን። በማይገኝበት ስፍራ ያለ ጨው በደንብ የበሰለ የማሽላ፣ የሽምብራና የምስር ንፍሮ ይሰጠው። የማሽላ ቡቃያ መርዝ ስላለበት ማሽላውን አብቅሎ ከመስጠት መቀቀል ይሻላል።

ሁለተኛ፣ በየቀኑ ካሮት፣ ዱባ፣ ቆስጣ ወይም ጎመን፣ ባገኙም ጊዜ ማንጎና ፓፓያ ተከትፎ ይቅረብለት። ቀይ ቃሪያም እጅግ ይጠቅመዋል፤ ወፎች እንደ ሰው መፋጀቱ አይሰማቸውምና።

ሦስተኛ፣ የተቀቀለ የእንቁላል ቅርፊት ደርቆና ተፈጭቶ በምግቡ ላይ ይነስነስለት። ካልሲየሙ በሰውነቱ እንዲሠራ ጠዋት ጠዋት ለግማሽ ሰዓት ያህል፣ ግማሹ ጥላ በሆነ ስፍራ፣ በመስታወት ያልተጋረደ ፀሐይ ያግኝ።

አራተኛ፣ ሰሊጥና ለውዝ እንደ ማባበያ በጥቂቱ ይሰጡ እንጂ ሳሕኑን አይሙሉ።

አምስተኛ፣ በመርዝ ያልተረጨ የግራር ወይም የቁርቁራ ቅርንጫፍ እሾሁ ተለቅሞ ለመፈልፈያ ይግባለት። ለምንቃሩ ከሞረድ የሚሻለው መሣሪያ ይህ ነው።

ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ በሚጠጋበት ወራት እርጥብ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ውሃውም በቀን ሁለት ጊዜ ይለወጥ። ፍሬ ብቻ የለመደ ወፍ አዲሱን ምግብ በአንድ ቀን አይቀበልም፤ ስለዚህ ለውጡ በብዙ ሳምንታት ቀስ በቀስ ይደረግ። በእነዚያ ሳምንታት በትንሽ የማእድ ቤት ሚዛን ይመዘን፤ ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ቢቀንስ አደጋ ነው።

ፈጽሞ የማይሰጡት ደግሞ አቮካዶ፣ ቸኮሌት፣ ቡና፣ የአልኮል መጠጥ፣ ሽንኩርትና ጨው የበዛበት ምግብ ናቸው። ለመዝሪያ ተብሎ በመድኃኒት የታሸ ዘር ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው። ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጤስ የሽቦ ቤቱ ከጭሱ ይራቅ፤ ምግብ የማያስይዝ መጥበሻ ከልክ በላይ ሲግል የሚያወጣው ትነትም ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ባለቤቱ በሳምንት አንድ ቀን በብርሃን ምንቃሩን ይመልከት። ጤነኛ ምንቃር ለስላሳ ነው፤ የላይኛውና የታችኛው ይገጥማሉ። ጥቂት ቅርፊት መላጡ ተፈጥሮ ነው። ከልክ ያለፈ መርዘም፣ ስንጥቅ፣ አዲስ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ወደ ጎን መጣመም ወይም ምግብ እየጣሉ መብላት ሲታይ ግን ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል። እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ቅርፊት ከዐይን የሚሰወር ቅንቅን ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በሐኪም መድኃኒት ይድናል። ምንቃሩ ሲሰባበር ላባውም አብሮ እየረገፈ ካልተተካ ግን ፈውስ ያልተገኘለት የቫይረስ በሽታ ሊሆን ስለሚችል፣ ወፉ ወዲያው ከሌሎች ይለይ። በቀቀን ለሰው የሚተላለፍ የሳምባ በሽታም ሊኖርበት ይችላልና ኩሱን በደረቁ ከመጥረግ ይልቅ በውሃ አርሶ ማንሣት፣ እጅንም በሳሙና መታጠብ ይገባል።

ምንቃሩን በቤት መቁረጥ ግን አደጋ ነው። ምላጩ ጥቂት ካለፈ ሕያው ሥጋውን ይነካል፤ ወፉ ይደማል፤ ከሥቃዩም የተነሣ መብላት ሊያቆም ይችላል። መከርከም ካስፈለገ በሐኪም እጅ ይሁን። ሐኪሙ ከርክሞ መኖው ካልተለወጠ ግን ምንቃሩ መልሶ ያው ይሆናል።

በመጨረሻም፣ የወፉን ሳሕን የሚመረምር ሰው የራሱንም ጎተራ መመርመሩ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2004 በኬንያ በአፍላቶክሲን የተበከለ በቆሎ ከበሉት መካከል 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። በጥቅምትና በኅዳር የሚሰበሰበው እህል በሚገባ ደርቆ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ሲቀመጥ፣ የሚጠቀመው በሽቦ ቤት ያለው ወፍ ብቻ ሳይሆን በማእድ ዙሪያ የሚቀመጠው ቤተ ሰብ ሁሉ ነው።